ሥራውን እንንቀፍ፤ ሰውየውን ግን አንጣል

ዘንድሮ ከተማርኋቸው የእንግሊዝኛ ቃላት ብዙዎቹን ረስቼ ይሆናል፤ አንዱን ግን አልረሳሁም። እርሱም «ዲፕሎር» የሚለው ነው። ትርጕሙ መጥፎ ነገርን አጥብቆ መንቀፍ ማለት ነው። ውድ አንባብያን፣ «ስለ አንድ ቃል ይህን ያህል ምን ይጻፋል?» ብላችሁ አትታዘቡኝ፤ ነገሩ ከቃል ያለፈ ነው።

አንድ የክፍላችን ልጅ በፈተና ጊዜ ሲኮርጅ ተያዘ። በዚያው ሳምንት የእንግሊዝኛ አስተማሪያችን በአዳዲስ ቃላት ዐረፍተ ነገር እንድንሠራ አዘዙን። እኔም የልጁን ነገር አንሥቼ «እርሱን ዲፕሎር አደርጋለሁ» ብዬ በእንግሊዝኛ ጻፍሁ። ደብተሬ ሲመለስልኝ «እርሱን» የሚለው በቀይ ተሰርዞ ከላዩ «ሥራውን» ተብሎ ተጽፎበታል። ምክንያቱን ብጠይቃቸው፣ ጠንቃቃ ጸሐፊዎች ይህን ቃል በሥራ ላይ እንጂ በሰው ላይ እንደማያውሉት አስረዱኝ።

መዝገበ ቃላት ስመለከት ደግሞ የባሰ ተደነቅሁ። ቃሉ ከላቲን የመጣ ነው፤ ሥሩም «ፕሎራሬ» ሲሆን ድምፅን ከፍ አድርጎ ማልቀስ ማለት ነው። ፈረንሳዮች ዛሬም ማልቀስን «ፕለሬ» የሚሉት ከዚሁ ሥር ወስደው ነው። እንግዲህ ይህ ጽኑ የነቀፋ ቃል አስቀድሞ የልቅሶ ቃል ነበረ ማለት ነው። ነቃፊው ከሩቅ ሆኖ ድንጋይ የሚወረውር ሳይሆን፣ በሆነው ነገር እያዘነ የሚናገር ሰው ነበረ።

እኛ ግን ይህን ቃል ስንተረጕም ብዙ ጊዜ «አወገዘ» እንላለን። ውግዘት ከቤተ ክርስቲያን የመጣ ነገር ነው፤ ሰውን ከማኅበር ይለያል። በበኩሌ የሚቀርበው እናት ልጇን «አዘንሁብህ» የምትለው ነው ባይ ነኝ። ይህን ያለች እናት ጥፋቱን አልሸፈነችም፤ ልጇንም ከቤት አላስወጣችም። ቢሆንም «አዘንሁብህ» ከስድብ ይልቅ ያማል።

በዓለም መድረክም ልዩነቱ ታይቷል። የተባበሩት መንግሥታት ጠቅላላ ጉባኤ በየካቲት 23 ቀን 2014 ዓ.ም. ባሳለፈው ውሳኔ፣ ሩሲያ በዩክሬን ላይ ያደረገችውን ወረራ በዚሁ ቃል እጅግ አጠንክሮ ነቀፈ። 141 አገሮች ደገፉት፤ 5 ተቃወሙት፤ 35 ድምፅ ከመስጠት ተቈጠቡ። የተነቀፈው ወረራው ነው እንጂ የሩሲያ ሕዝብ አይደለም።

ከዚያ ቀደም በጳጉሜን 4 ቀን 2008 ዓ.ም. ግን ለአሜሪካ ፕሬዚዳንትነት ይወዳደሩ የነበሩት ሂላሪ ክሊንተን፣ የዶናልድ ትራምፕን ደጋፊዎች እኩሌታ ከዚህ ቃል በወጣ ስም ጠርተው በአንድ ቅርጫት ውስጥ ከተቷቸው። በማግሥቱ «እኩሌታ» ማለታቸው ስሕተት እንደ ነበረ ገልጸው ተጸጸቱ። ነገር ግን «ካፍ ከወጣ አፋፍ» እንዲሉ፣ ከትራምፕ ደጋፊዎች ብዙዎቹ ስሙን በልብሳቸው ላይ አትመው ይኰሩበት ጀመር። እርሳቸው ሊነቅፉት ያሰቡት የዘር ጥላቻ ነበረ፤ ሰው ሁሉ ሲያወራ የሰነበተው ግን ስለ ስድቡ ነው።

«እንዲህ ያለ ነቀፋ መለሳለስ ነው፤ ጥፋተኛን ያደፋፍራል» የሚል ይኖር ይሆናል። እኔ ግን ቅጣት ይቅር አላልሁም። ያ የክፍላችን ልጅ ዜሮ ተሰጠው፤ ተገቢም ነበረ። ተገቢ ያልሆነው ከዚያ በኋላ እኛ ያደረግነው ነው። «ኮራጁ» የሚል ስም አወጣንለት፤ በእረፍት ሰዓትም ብቻውን ይቆማል። ፈተናው ካለፈ ወራት ሆኖታል፤ ስሙ ግን አላለፈም። ሥራውን የነቀፍንበት ሰው ሥራውን ሊተው ይችላል፤ ስም ያወጣንለት ሰው ግን ምን ትቶ ይድናል?

ይህን የምጽፈው ንጹሕ ስለ ሆንሁ አይደለም። እኔም የቤት ሥራ ከጓደኛዬ ገልብጬ ያስረከብሁበት ቀን አለ፤ ልዩነታችን እኔ አለመያዜ ነው። ስለዚህ ጓደኞቼ፣ ጥፋትን ስናይ ጥፋት ነው ከማለት አንመለስ፤ ከነቀፋችን ጋር ግን ጥቂት ኀዘን ይኑርበት። ወላጆቻችንና አስተማሪዎቻችንም «አንተ ሰነፍ ነህ» ከሚሉን «ይህ ሥራህ ስንፍና ነው» ቢሉን፣ ለመታረም በር ይከፍቱልናል።

እኔ በበኩሌ ያን ልጅ ከነገ ጀምሮ እናቱና አባቱ ባወጡለት ስም ልጠራው ቈርጫለሁ።