ስለ ኤሌክትሪክ ኀይል ምንጭ ምርጫና ስለ ዐፈር ጥበቃ

«ነገርን ከሥሩ፤ ውሃን ከጥሩ» ይባላል። ስለ ኤሌክትሪክ ኀይል የሚመክር ሁሉ ምክሩን ከዚህ ቃል ቢጀምር መልካም ነው።

በአዲስ አበባ፣ ጠመንጃ ያዥ በሚባለው ሰፈር የቤት እመቤት በኤሌክትሪክ ምጣድ እንጀራ ስትጋግር፣ ኀይሉ ከግድግዳው የመጣ ይመስላል እንጂ ምንጩ ሩቅ ነው። ከዚያው ሰፈር የሚወርደው የክረምት ጎርፍ ደግሞ በአቃቂ ወንዝ አድርጎ፣ የኢትዮጵያ የመጀመሪያው የውሃ ኀይል ማመንጫ ወደ ሆነው ወደ አባ ሳሙኤል ግድብ ይገባል። 6.6 ሜጋዋት የሚያመነጨው ይህ ግድብ በደለልና በመኪናዎቹ እርጅና ምክንያት ለብዙ ዓመታት ሥራ አቁሞ ከኖረ በኋላ በቻይና እርዳታ ታድሷል። ስለዚህ ግድብ መሥራት ብቻ እንደማይበቃ ከዚህ መማር ይገባል።

የኀይል ምንጮች ሁሉ ጥቅምና ጉድለት አላቸው። በናፍጣ የሚሠራው ሞተር ቶሎ ይተከላል፤ ዝናብ ቢቀር ነፋስም ቢያርፍ ሥራውን አያቆምም። ነገር ግን ናፍጣው በውጭ አገር ገንዘብ ይገዛልና ለችግር ቀን መጠባበቂያ ይሁን እንጂ የአገር መሠረት ሊሆን አይገባውም። በመቀሌ አጠገብ በአሸጎዳ በ2006 ዓ.ም. የተመረቀው የነፋስ ኀይል ማመንጫ 120 ሜጋዋት ነው። ውሃ በሚጎድልበት በበጋ ነፋስ ይበረታልና አንዱ የሌላውን ጉድለት ይሞላል፤ ዳሩ ግን ነፋስ በታዘዘ ሰዓት አይመጣም። እንደ አሉቶ ላንጋኖ ባለው ስፍራ የሚገኘው የምድር እንፋሎት ክረምትና በጋ አይለይም፤ ሆኖም ጉድጓዱን አጥልቆ መቆፈር ብዙ ወጪ ይጠይቃል፤ እንፋሎቱ ሳይበቃ ቢቀርም የወጣው ገንዘብ አይመለስም።

ለግድብ ውሃ ግን ነዳጅ አይገዛለትም፤ ስለዚህ የኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ አብዛኛው ከውሃ ነው። በ2003 ዓ.ም. ተጀምሮ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. የተመረቀው ታላቁ የኢትዮጵያ ሕዳሴ ግድብ 5,150 ሜጋዋት ለማመንጨት የተሠራ ነው። ይሁን እንጂ ውሃም ሁለት ጠላቶች አሉት፤ እነርሱም ድርቅና ደለል ናቸው። በ2001 ዓ.ም. የግድቦች ውሃ በጎደለ ጊዜ መብራት በፈረቃ ታድሏል። በ1952 ዓ.ም. በአዋሽ ላይ የተሠራው የቆቃ ግድብም ከውሃ ማጠራቀሚያው ቀላል ያልሆነውን ክፍል ደለል ወስዶበታል። ድርቅን ሰው ሊከለክለው አይችልም፤ ደለልን ግን ሊቀንሰው ይችላል።

ደለል ማለት ከገበሬው ማሳ የሸሸ ዐፈር ነው። ስለዚህ ዐፈርን መጠበቅ እህልንም መብራትንም መጠበቅ ነው። የአገር ገዥዎች፣ የወረዳ ሹማምንትና ባለ መሬቶች ክረምት ሳይገባ እርከን እንዲሠራ፣ የወንዝ ዳር እንዳይታረስ፣ ተዳፋቱም በሣርና በዛፍ እንዲሸፈን መትጋት ይገባቸዋል። ነገር ግን ገበሬውን ግጦሹን ከልክሎ ባዶ እጁን መስደድ ፍርድ አይደለም፤ በተከለለው ስፍራ የበቀለውን ሣር አጭዶ ለከብቶቹ እንዲወስድ ይፈቀድለት። የኤሌክትሪክ ሽቦ በራሱ ላይ አልፎ ወደ ከተማ ሲሄድ እርሱ በኩራዝ የሚያመሽ ከሆነ ደግሞ፣ ለከተማው መብራት ብሎ እርከን እንዲሠራ ማስረዳት አስቸጋሪ ነው። ስለዚህ ዐፈሩን የሚጠብቀው ገበሬ ከመብራቱ ድርሻ እንዲያገኝ ማሰብ ቸርነት ሳይሆን ግድቡን ለልጅ ልጅ ማቆየት ነው።