ኢኮኖሚክስ ተምሮ ምን ይሠራል?



ሰርግ ቤትም ሆነ ለቅሶ ቤት ወላጆች ሲገናኙ የልጆች ትምህርት መነሣቱ አይቀርም። «ልጄ ነርሲንግ ነው የምትማረው» ያለችን እናት ማንም ተጨማሪ ነገር አይጠይቃትም። «ኢኮኖሚክስ» ያለችው ግን «ጥሩ ነው፤ ግን ስትጨርስ ምን ልትሆን ነው?» መባሏ አይቀርም። ጥያቄው የሚናቅ አይደለም፤ የአራት ዓመት ክፍያ፣ ምናልባትም የብዙ ዓመት ዕዳ አለበት። እኔም ኢኮኖሚክስ ተምሬ እዚህ አሜሪካ በዚያው እንጀራዬን የምበላ ስለሆንኩ ብዙ ወላጆች ይደውሉልኛል። ለእነሱ የምመልሰውን ዛሬ ለሁላችሁም ላካፍል።

በመጀመሪያ፣ ኢኮኖሚክስ የሙያ ፈቃድ የሚያስገኝ ትምህርት አይደለም። ነርስ የፈቃድ ፈተናዋን ስታልፍ የምትገባበት በር የታወቀ ነው። ኢኮኖሚክስ የተማረ ሰው ግን ብዙ በሮች አሉት፤ እያንዳንዱ በር ደግሞ የራሱ ቁልፍ አለው። ቁልፉ አብሮ የሚወሰደው ኮርስ ነው።

ከአንድ ዩኒቨርሲቲ በአንድ ቀን በኢኮኖሚክስ የተመረቁ ሁለት ወጣቶች አውቃለሁ። አንደኛው ሒሳብ እየሸሸ፣ ቀለል ያሉትን ኮርሶች እየመረጠ ጨረሰ። ከዓመት በላይ ሥራ ፈልጎ በመጨረሻ ከዲግሪው ጋር የማይገናኝ ሥራ ያዘ። ሁለተኛዋ ስታቲስቲክስና ኢኮኖሜትሪክስ ወሰደች፣ ፓይተንና ኤስኪውኤል ተማረች፣ በሦስተኛው ዓመት ማብቂያም ኢንተርንሽፕ ሠራች። ከመመረቋ በፊት ሥራ አገኘች። የሁለቱም ዲግሪ አንድ ነው።

እንግዲህ በሮቹን እንያቸው።

በመጀመሪያ ዲግሪ ብቻ ብዙዎች የሚገቡት ባንክ፣ ኢንሹራንስና ልዩ ልዩ ኩባንያዎች ውስጥ መረጃ ተንታኝ ሆነው ነው። እዚህ ቀጣሪው የሚያየው ልጁ በቁጥር መረጃ መሥራት መቻሉን ነው።

ሒሳብ የሚወድ ልጅ አክችዋሪ መሆን ይችላል። ይህ የኢንሹራንስንና የጡረታን ስጋት በሒሳብ የሚያሰላ ሙያ ነው። የሙያው ፈተናዎች ብዙ ናቸው፤ ነገር ግን የመጀመሪያዎቹን፣ ማለትም የፕሮባቢሊቲና የፋይናንስ ሒሳብ ፈተናዎችን፣ ገና ተማሪ ሳሉ መውሰድ ይቻላል።

የፌዴራል መንግሥት በኢኮኖሚስትነት ለመቅጠር በትምህርት በኩል የሚጠይቀው ግልጽ ነው፦ ቢያንስ 21 ክሬዲት ኢኮኖሚክስ፣ በተጨማሪም 3 ክሬዲት ስታቲስቲክስ፣ ካልኩለስ ወይም አካውንቲንግ ያለበት ዲግሪ። አብዛኛው የፌዴራል ሥራ ግን የአሜሪካ ዜግነት ይፈልጋል። ፌዴራል ሪዘርቭም አዲስ ተመራቂዎችን በምርምር ረዳትነት ይቀጥራል፤ ይህ ወደ ፒኤችዲ ለሚያስቡ ጥሩ መንገድ ነው። በአሜሪካ ብዙ የኢኮኖሚክስ ፒኤችዲ ፕሮግራሞች የትምህርቱን ክፍያ ችለው ለተማሪው መተዳደሪያም ይሰጣሉ፤ መግቢያው ግን ጠንካራ ሒሳብ ነው። የኢትዮጵያ ምርት ገበያን ያቋቋሙት ዶክተር እሌኒ ገብረመድኅንም በስታንፎርድ ዶክትሬታቸውን የሠሩ ኢኮኖሚስት ናቸው።

ሒሳብ የማይሆንለት ልጅስ? ለእሱም በር አለ። የሕግ ትምህርት ቤቶች የመጀመሪያ ዲግሪ በምን ተያዘ ብለው አይመርጡም፤ ማንበብና መጻፍ የሚወድ ልጅ ከኢኮኖሚክስ ወደ ሕግ መሄድ ይችላል። ወደ ሒሳብ ሥራ ያዘነበለ ደግሞ አካውንቲንግ ይጨምር። ሲፒኤ ለመሆን ግን የኢኮኖሚክስ ዲግሪ ብቻውን ስለማይበቃ፣ ስቴቱ የሚጠይቃቸውን የአካውንቲንግ ኮርሶች ቀድሞ ማወቅ ያስፈልጋል።

አሁን ደግሞ ከኢትዮጵያ በተማሪ ቪዛ ለመጡ አንድ ትልቅ ነገር ልንገራችሁ። ኤፍ-1 ቪዛ ያለው ተማሪ ሲመረቅ በተማረበት ሙያ እስከ 12 ወር የሚሠራበት ኦፒቲ የሚባል ፈቃድ አለ። ትምህርቱ በስቴም ዝርዝር ውስጥ ከሆነ 24 ወር ሊጨመርለት ይችላል። ተራው የኢኮኖሚክስ ኮድ፣ 45.0601፣ በዝርዝሩ ውስጥ የለም። የኢኮኖሜትሪክስና ኳንቲታቲቭ ኢኮኖሚክስ ኮድ፣ 45.0603፣ ግን አለ። በብዙ ዩኒቨርሲቲዎች በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት ጥቂት የሒሳብ ኮርሶች ነው። እነዚያ ጥቂት ኮርሶች ሁለት ዓመት ሊያስገኙ ወይም ሊያሳጡ ይችላሉ። ስለዚህ ልጁ ሜጀሩን ከማስመዝገቡ በፊት የዓለም አቀፍ ተማሪዎች ቢሮ ሄዶ የፕሮግራሙን ኮድ ይጠይቅ።

ወላጆች፣ ልጃችሁ ኢኮኖሚክስ መርጦ ከሆነ ወደ ሌላ ትምህርት ለማዞር ከመጣደፋችሁ በፊት እነዚህን ሦስት ነገሮች ጠይቁት። ከኢኮኖሚክሱ ጋር ምን እየወሰድክ ነው? በመጪው ሰመር የት ለመሥራት አመልክተሃል? ከላይ ካየናቸው በሮች የትኛውን ነው የምታስበው? በአንደኛ ዓመት መልስ ባይኖረው አትደንግጡ። በሁለተኛው ዓመት መጨረሻም ከሌለው ግን አብራችሁት ተቀመጡ፤ ካልኩለስና ስታቲስቲክስ ለቀጣዮቹ ኮርሶች መሠረት ስለሆኑ፣ ዘግይቶ የጀመረ ተማሪ አንድ ተጨማሪ ሴሚስተር ሊከፍልባቸው ይችላል።

«ምን ልትሆን ነው?» ለሚሏችሁም ያን ጊዜ የምትመልሱት አታጡም። ሳምንት በሌላ ርዕስ እስክንገናኝ፣ ሰላም ሁኑ።