የጣሪያችን ደባል

ግንቦት ውስጥ እናቴ ደወለችና "ቅዳሜ አናጢ ይመጣል፤ አንቺም ነይ" አለችኝ። አዲሱ ገበያ ያለው ቤታችን ዕድሜው ከእኔ ይበልጣል። ግድግዳው ጭቃ፣ ጣሪያው ቆርቆሮ ነው። ክረምት ሳይገባ በጓዳው በኩል የላላውን ቆርቆሮ ማስመታት፣ በጣሪያውና በግድግዳው መሐል የተከፈተውን ቀዳዳም ማስደፈን ነበረባት። ዓምና በዚያ በኩል የገባው ውሃ ፍራሿን አበስብሶባታል። የሚያከራክር ነገር አልነበረውም።

አናጢው መሰላሉ ላይ ወጥቶ እጁን ወደ ቀዳዳው ሰደደና ቶሎ መለሰው። "እማማ፣ እዚህ ጫጩት አለ" አለ። የአምስት ዓመቷ ልጄ ከታች ቆማ ሰማች። ከዚያ በኋላ የሆነውን ልጅ ያላችሁ ሁሉ ትገምታላችሁ።

እናቴ ድንቢጥ ወዳ አታውቅም። ልጅ ሳለሁ ግቢ ውስጥ የተሰጣውን ስንዴ አርጩሜ ይዤ የምጠብቀው እኔ ነበርኩ። እኔ ድንቢጦቹን ስጠብቅ፣ ድንቢጦቹ ደግሞ እኔን ይጠብቁ ነበር። ዓይኔ ወደ መንገዱ ዞር ሲል ስጡ ላይ ናቸው። ማታ "ምን ስትሠሪ ዋልሽ?" ተብዬ የምቆጣው እኔ ነኝ። አሁን እናቴ "ለሌባ ብዬ ዘንድሮም ፍራሼ ይበስብስ?" ስትል ተሳስታለች ለማለት አልደፈርኩም።

የዚያን ዕለት ማታ ልጄን አስተኝቼ ስለ ሌባዋ ማንበብ ጀመርኩ። ድንቢጥ እያልን ትንንሹን ወፍ ሁሉ በአንድ ስም ብንጠራም፣ አዲስ አበባ ውስጥ ከደጃፋችን የማትጠፋው፣ ራሷ ግራጫ፣ ጀርባዋ ቡናማ የሆነችው የራሷ መታወቂያ ያላት ዘር ናት። ትከሻዋ አካባቢ ትንሽ ነጭ ምልክት አላት። ወንዱና ሴቷ ስለሚመሳሰሉ በዓይን መለየት ያስቸግራል። መኖሪያዋ በዋናነት የእኛው ምሥራቅ አፍሪካ ነው፤ ኢትዮጵያ፣ ኤርትራና ዙሪያቸው።

በሳይንስ የምትታወቀው ግን በእንግሊዛዊው የተፈጥሮ ተመራማሪ በዊሊያም ስዌንሰን ስም ነው። ስያሜውን እ.ኤ.አ. በ1840 ያወጣላት በ1830ዎቹ መጀመሪያ አገራችንን ዞሮ ያየው ጀርመናዊው ኤድዋርድ ሩፔል ነው። ስዌንሰን ብራዚልና ኒውዚላንድ ድረስ ቢሄድም ኢትዮጵያን አልረገጠም። እንጀራዬ ለዕቃ ስም ማውጣትና ማስተዋወቅ ስለሆነ ይህ ትንሽ አናዶኛል። ምርቱ የእኛ፣ ስሙ የሰው!

ስለ ገበያ ካነሳሁ አይቀር፣ ድንቢጥ ጥንትም ርካሽ ነበረች። የማቴዎስ ወንጌል ሁለቱ በአንድ ሳንቲም እንደሚሸጡ ያነሳል፤ ሉቃስ ደግሞ አምስቱ በሁለት ሳንቲም ይላል። አስሉት። አራት ለገዛ አንድ በምርቃት ማለት ነው። ነጋዴ መቼም አይለወጥም።

ድንቢጥ ከእኛ ጋር የምትኖረው ሁለት ነገር ስለምንሰጣት ነው። አንዱ ጥሬ ነው። አዲሱ ገበያ እህል በሚሸጥበትና ወፍጮ ቤት ባለበት ሁሉ ከጆንያ የሚንጠባጠበውን ትለቅማለች። ሁለተኛው ቀዳዳ ነው። በግድግዳ ስንጥቅ፣ በጣሪያ ሥር፣ ሌላ ወፍ ትቶት በሄደው ጎጆም ትገባለች፤ ሣር፣ ላባ፣ ክር፣ ያገኘችውን ሁሉ ታነጥፍበታለች። ጫጩቶቿን ግን በጥሬ ብቻ አታሳድግም። በመጀመሪያዎቹ ቀናት የምታጎርሳቸው በአብዛኛው አባጨጓሬና ሌሎች ነፍሳትን ነው። ጥሬ ሌባዋ፣ ወላጅ ስትሆን የጓሮ ጎመናችን ጠባቂ ትሆናለች።

ይህን የዘነጋ አገር ዋጋውን ከፍሏል። ቻይና እ.ኤ.አ. በ1958 አይጥን፣ ዝንብን፣ ትንኝንና የድንቢጥን ዘመድ በጠላትነት ፈርጃ ዘመቻ ጀመረች። ሕዝቡ ድስትና ከበሮ እየደበደበ ወፎቹን ማረፊያ አሳጣቸው፤ ደክመው እስኪወድቁ ድረስ። እህሉ ከወፍ ተረፈና ለተባይ ተረፈ። በ1960 ድንቢጥ ከዝርዝሩ ወጥታ ትኋን ተተካባት። በዚያው ዘመን ለደረሰው ታላቅ ረሃብ ብዙ ምክንያት ቢኖረውም፣ የድንቢጦቹ መጨፍጨፍም አብሮ ይነሳል። እንግሊዝ ውስጥ ደግሞ ማንም ሳይዘምትባት ቁጥሯ ከ1970ዎቹ ወዲህ ከግማሽ በላይ ወርዷል። ከሚጠቀሱት ምክንያቶች ሁለቱ ለጫጩት የሚሆን ነፍሳት ማነሱና ጣሪያዎች ሲታደሱ ቀዳዳው ሁሉ መደፈኑ ናቸው።

መስታወትና አሉሚኒየም ወደሚለብሰው ሕንፃችን ስመለከት ይህኛው ነው ያሳሰበኝ። እኔ የምኖርበት ኮንዶሚኒየም ጥሬ ሞልቶታል፤ ልጄ ብቻዋን በቀን አንድ እፍኝ ሩዝ ትደፋለች። ድንቢጥ የምትገባበት ቀዳዳ ግን አንድም አላየሁም።

ቻይናን ለእናቴ ነገርኳት። "ታዲያ እኔ መንግሥት ነኝ?" አለች። ያሸነፋት ሌላ ነው። ድንቢጦች ሁለት ሳምንት ያህል ታቅፈው፣ ሁለት ሳምንት ያህል ይመግባሉ። ጫጩቶቹ ላባ እያወጡ ስለነበር ቢበዛ ዐሥር ቀን ቢቀራቸው ነው። "ዐሥር ቀን ብቻ እማዬ" አልኳት። ልጄም ጣቶቿን ሁሉ ዘርግታ አሳየቻት። አናጢው የመጣበትን ተከፍሎት ሄደ። ይህ ገንዘብ ከእኔ ኪስ ነው የወጣው።

በአራተኛው ቀን ሌሊት ዘነበ። እናቴ ከእንቅልፌ ቀስቅሳኝ "ፍራሹን ስቤ ሳህን አስቀምጫለሁ፤ እንድታውቂው ብዬ ነው" ብላ ስልኩን ዘጋችው። ተኝቼ አላደርኩም። ለወፍ ብዬ እናቴን በሽታ ላይ ልጥላት ነው እያልኩ ስገላበጥ ነጋ።

በነጋታው ደግማ ደወለች። ድምፅዋ ተለውጧል። አንዱ ጫጩት መሬት ወድቆ አግኝታዋለች። ሰው የነካውን እናቱ አትቀበለውም ሲባል ስለሰማች በጨርቅ ጠቅልላ ተጨንቃ ነበር። ይህ የተለመደ ስሕተት ነው፤ አብዛኞቹ ወፎች ልጃቸውን ሰው ነካው ብለው አይተዉም። የጎረቤት ልጅ መሰላል ላይ ወጥቶ መለሰው። እናቴም በርጩማዋን አውጥታ ከሥር ተቀመጠች። በግማሽ ሰዓት ውስጥ እናቲቱ ሦስት ጊዜ ስትገባ መቁጠሯን፣ አፏ ላይ አረንጓዴ ትል እንደነበረ ነገረችኝ። "ወይ ወላጅ" አለች።

በዘጠነኛው ቀን ወጡ። አናጢው በማግስቱ ተመልሶ ቆርቆሮውን መታ፣ ቀዳዳውንም ደፈነ። ፍራሹ ደርቋል። ሊሄድ ሲል እናቴ ባዶ የወተት ዱቄት ቆርቆሮ ይዛ ወጣችና ክዳኑን ድንቢጥ በሚያሳልፍ መጠን እንዲበሳላት፣ ከሥሩም ውሃ የሚወጣበት ትንሽ ቀዳዳ እንዲያበጅለት ጠየቀችው። ፀሐይ በማይበዛበት በኩል ከክፈፉ ሥር ቸነከረው። እስከዛሬ የገባበት የለም። ልጄ ግን በየቅዳሜው መጀመሪያ የምትሮጠው ወደዚያ ነው።