ላይሰንሱ ሲያልቅ ባክአፑ የማን ነው?

አክስቴ ከሮማናት አደባባይ ብዙም ሳይርቅ ፎቶ ኮፒና የጽሕፈት መሣሪያ ሱቅ አላት። በ2012 ዓ.ም. እኔ ገና የኢኮኖሚክስ ተማሪ ሳለሁ፣ ‹‹ዘመናዊ እንሁን እንጂ›› ብዬ በየዓመቱ የሚከፈልበት የክላውድ ባክአፕ ላፕቶፗ ላይ ጫንኩላት። ክፍያውን ውጭ ያለ የአጎቴ ልጅ በካርዱ ሸፈነልን። የዱቤ መዝገቡም፣ የዕቃ ዝርዝሩም፣ የግብር ወረቀቱም ወደዚያ ገባ። ‹‹አሁን ላፕቶፑ ቢሰረቅ እንኳ አታስቢ›› አልኳት።

ጥቅምት 25 ቀን 2013 ዓ.ም. ጦርነቱ ተጀመረ። ከዚያ በኋላ ያለውን መቀሌ የነበረ ሁሉ ያውቀዋል። ኢንተርኔት ለሁለት ዓመት ገደማ ጠፋ፣ ባንክም ተዘጋ። ላፕቶፑ ደግሞ በዚያው ግርግር የት እንደገባ አናውቅም። ጥቅምት 23 ቀን 2015 ዓ.ም. የፕሪቶሪያ ስምምነት ተፈርሞ አገልግሎቱ ቀስ በቀስ ሲመለስ፣ እኔ መጀመሪያ የሮጥኩት ወደዚያ አካውንት ነበር። ክፍያው ስላልታደሰ መረጃው ተሰርዟል የሚል መልእክት ጠበቀኝ።

አክስቴ ስልኬን አየት አድርጋ፣ ‹‹ወደይ፣ ያስቀመጥነው የራሳችንን አልነበረም እንዴ?›› አለችኝ።

ዕዳ ያለባቸው ሰዎች ዝርዝር አብሮ ጠፍቷል። የሚያፍሩት መጥተው ከፈሉ። የቀረውን ለእግዜር ሰጠችው።

የአክስቴን ጥያቄ አሁንም አልረሳሁትም። ዛሬ አንድ ትንሽ ነጋዴ የትኛውን ባክአፕ ልግዛ ብሎ ሲጠይቀኝ ስለ ፍጥነቱና ስለ ቦታው መጠን አላወራም። መጀመሪያ የምለው፣ ‹‹መክፈል ባልቻልክበት፣ ኔትወርክም በሌለበት ቀን ዕቃህን ታወጣለህ ወይ?›› ነው። መልሱ ያለው ማንም በማያነበው የላይሰንስ ውል ውስጥ ነው።

ነገሩን ቀለል አድርገን እንየው። የሶፍትዌር ፈቃድ በግርድፉ ሦስት ዓይነት ነው። የመጀመሪያው አንዴ ተገዝቶ ሁልጊዜ የሚሠራው ነው፤ ቤት እንደ መግዛት ማለት ነው። ሁለተኛው በየወሩ ወይም በየዓመቱ የሚከፈልበት ነው፤ ይሄ ኪራይ ነው። ሦስተኛው ኮዱ ለሁሉም ክፍት የሆነው ኦፕን ሶርስ ነው። ማንም ሊወስደው፣ ሊጭነው፣ ሊያቆየው ይችላል።

ዓለም ወደ ኪራዩ እየሄደች ነው። ነጻ የነበረውም ቢሆን ነጻ ሆኖ አይቀርም። ብዙዎቻችን የምናውቀው የማክሪየም ሪፍሌክት ነጻ ቅጂ እ.ኤ.አ. 2024 ሲገባ ድጋፉ አብቅቷል። ክራሽፕላን የተባለው የአሜሪካ ድርጅት ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2017 የቤት ደንበኞቹን ‹‹ሌላ ፈልጉ›› ብሎ በቀጣዩ ዓመት አገልግሎቱን ዘጋባቸው። እነሱ ኔትወርክም ካርድም ስላላቸው ዕቃቸውን ይዘው ወጡ። እኛ ግን?

ኪራዩ በዶላር መሆኑ ሌላው ጣጣ ነው። በዓመት 60 ዶላር የሚያስከፍል አገልግሎት አለ እንበል። ብር በገበያ ይወሰን ከተባለበት ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. በፊት፣ ዶላር በባንክ 57 ብር አካባቢ በነበረ ጊዜ፣ ይህ 3,420 ብር ነበር። በሳምንታት ውስጥ ዶላሩ ከ100 ብር ሲያልፍ ያው አገልግሎት ከ6,000 ብር በላይ ሆነ። አገልግሎቱ አልተሻሻለም፣ የሱቁ ገቢም በዚያ ልክ አልጨመረም። በዚያ ላይ አብዛኛው ባለሱቅ ዓለም አቀፍ ካርድ ስለሌለው የዘመድ ካርድ ይለምናል። ዘመዱ ካርዱን የቀየረ ቀን ባክአፑም ያበቃል።

‹‹ታዲያ ክራኩ ምን አለን?›› የምትሉ አላችሁ። ጥቂት መቶ ብር ሰጥታችሁ ሁሉንም አስጭናችሁ ትወጣላችሁ። እኔም አድርጌዋለሁ፤ አልዋሽም። ግን ክራክ ዋጋው ዜሮ አይደለም፣ ክፍያው ወደፊት የተገፋ ነው። የተሰበረ ፕሮግራም ዝማኔ አይወስድም፤ አንዳንዴ ራሱ ቫይረስ ይዞ ይመጣል። ፋይል ቆልፎ ገንዘብ የሚጠይቀው ራንሰምዌር አንዱ መግቢያው ይኸው ነው። ከሌባ የተገዛ ቁልፍ ለቤቱ መጠበቂያ እንደማይሆን ሁሉ፣ ክራክ የተደረገ ባክአፕም ለክፉ ቀን አይታመንም።

ቀጥሎ የሚመጣው በየትኛው ማሽን ይሠራል የሚለው ነው። አገራችን ውስጥ ብዙ ሱቅና ድርጅት ሒሳቡን የሚይዝበት ፒችትሪ የሚሠራው በዊንዶውስ ብቻ ነው። የዊንዶውስ 10 መደበኛ ድጋፍ ደግሞ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. አብቅቷል። ዊንዶውስ 11 ቲፒኤም 2.0 የሚባል የደኅንነት ቺፕ ስለሚፈልግ ብዙ አሮጌ ላፕቶፕ አይቀበለውም። ድርጅቶች በአሮጌው ላይ የደኅንነት ዝማኔ ማግኘት ከፈለጉ ለመጀመሪያው ዓመት በአንድ ኮምፒውተር 61 ዶላር ነው የተጠየቁት። ስለዚህ ነገ ማሽን ትቀይራላችሁ። የዛሬው ባክአፕ በነገው ማሽን ይከፈታል ወይ? ካልተከፈተ ፋይሉ አለ ማለት አንችልም።

ሱቁን በስልኩ ብቻ የሚያንቀሳቅሰው ወጣትስ? ‹‹የኔ ሁሉ ቴሌግራም ሴቭድ ሜሴጅ ላይ ነው፣ ጉግል ድራይቭ ላይ ነው›› ይለኛል። ጥሩ። ጉግል በነጻ የሚሰጠው 15 ጊጋ ባይት ከጂሜይልና ከፎቶ ጋር የሚካፈል ነው። ከዚያም በላይ፣ ግንቦት 2015 ዓ.ም. ጉግል አንድ ነገር አስታውቋል። ለሁለት ዓመት ያልተገባበትን የግል አካውንት ከነይዘቱ ሊያጠፋ ይችላል። ቴሌግራምም ረጅም ጊዜ የጠፋ ተጠቃሚን አካውንት ከነመልእክቱ ይሰርዛል። ሁለት ዓመት! ለሌላው ዓለም የተረሳ አካውንት ማለት ነው። ለመቀሌ ልጅ ግን ሁለት ዓመት ምን እንደሆነ ማስረዳት አይጠበቅብኝም።

ክላውድ ይቅር እያልኩ አይደለም። የአክስቴ ላፕቶፕ እንደጠፋው ሁሉ ሱቅ ውስጥ ያለ ሃርድ ዲስክም ይሰረቃል፣ ይቃጠላል። ከከተማ ውጭ የሚቀመጥ ቅጂ ያስፈልጋል። ነገር ግን ክላውዱ ሁለተኛ ቅጂ ይሁን፣ ብቸኛ አይሁን።

አሁን አክስቴ ሱቅ ያለው አሠራር ይኼ ነው። የዱቤና የዕቃ ዝርዝሩ በየሳምንቱ ወደ ኤክሴልና ሲኤስቪ ይወጣል፤ ይህንን ስልክም ላፕቶፕም ይከፍተዋል። ዱፕሊካቲ የተባለው ኦፕን ሶርስ ፕሮግራም ወደ ውጫዊ ዲስክ ይገለብጣል። በዊንዶውስ፣ በማክና በሊኑክስ ይሠራል፣ ክፍያም አይጠይቅም። ትእዛዝ መጻፍ የማይከብደው ሬስቲክን መሞከር ይችላል። ሰርቨር ያለው ድርጅት ከሆነ ደግሞ የቪም ኮሚዩኒቲ ኤዲሽን እስከ 10 ሰርቨር ወይም ቨርቹዋል ማሽን ድረስ ነጻ ነው። ግን ይህ የኩባንያው ችሮታ እንጂ ኦፕን ሶርስ ስላልሆነ ሐሳባቸውን ሊቀይሩ ይችላሉ።

ዲስኩ ቅጂው እንዳለቀ ይነቀላል፤ ተሰክቶ የቆየ ዲስክ ራንሰምዌር ሲመጣ አብሮ ይቆለፋል። ከዚያ ወደ ቤት ይሄዳል። የይለፍ ቃሉ በወረቀት ተጽፎ ሌላ ቦታ ተቀምጧል፤ እሱ ከጠፋ እኛም አንከፍተውምና። በሦስት ወር አንዴ ደግሞ በተውሶ ላፕቶፕ፣ ኢንተርኔት አጥፍተን፣ አንድ ፋይል መልሰን እንከፍታለን። ይህን ፈተና ያላለፈ ባክአፕ እኔ ባክአፕ አልለውም።

ወጪው አንድ ዲስክና በሳምንት ግማሽ ሰዓት ነው። በኢኮኖሚክስ ቋንቋ፣ ቋሚውን የዶላር ዕዳ በትንሽ የራስ ጉልበት ቀየርነው።

ጥያቄዬ ለኮምፒውተር ባለሙያ ወንድምና እኅቶቼም ነው። ለአንድ ሱቅ ስትጭኑ ‹‹አለቀ›› ብላችሁ አትውጡ። ባለቤቱ ፊት ኔቱን አጥፉትና ፋይሉን መልሱለት። ካልተመለሰ የሸጣችሁለት ተስፋ ብቻ ነው።

ባለፈው ሳምንት አክስቴ ዲስኩን በነጠላዋ ጠቅልላ ወደ ቤት ስትሄድ አየኋት። ‹‹ይኼስ?›› አልኳት ለመቀለድ። ‹‹ይኼማ የራሴ ነው›› አለችኝ።