ልቡን የሚቈጥር ሯጭ ፈሪ ነውን?

በትምህርት ቤታችን ሜዳ አንድ ሯጭ ውድድሩ ከመጀመሩ በፊት ሁለት ጣቶቹን በእጁ አንጓ ላይ አኑሮ የልቡን ትርታ ቢቈጥር ጓደኞቹ ምን ይሉታል? «አሞሃል ወይስ ፈርተሃል?» ብለው እንደሚስቁበት አልጠራጠርም። እኔም ከሚስቁት አንዱ ነበርሁ። ዛሬ ግን አሳቤን ስለ ለወጥሁ ምክንያቱን ለመምህራን፣ ለወላጆችና ለጓደኞቼ ለመግለጽ እወዳለሁ።

ባለፈው ዓመት በኅዳር ወር በተደረገው የትምህርት ቤቶች ውድድር በ5000 ሜትር እንድሮጥ ተመርጬ ነበር። ከውድድሩ ጥቂት ቀናት አስቀድሞ ሰውነቴን ይቈረጥመኝ፣ ሌሊትም ያንቀጠቅጠኝ ጀመር። በፍኖተ ሰላምና በአካባቢዋ ዝናሙ ካባራ በኋላ ወባ እንደሚበረታ ሁላችንም እናውቃለን። ነገር ግን ስሜ ከተመራጮች መዝገብ እንዳይፋቅ ስለ ፈራሁ ለመምህሬም ሆነ ለእናቴ አልተናገርሁም። በስምንተኛው ዙር ሜዳው ዞረብኝና ወደቅሁ። ጓደኞቼ ተሸክመው ወደ ጤና ጣቢያ ወሰዱኝ፤ ደሜም ሲመረመር ወባ ተገኘበት። ጥፋቱ የራሴ ነው እንጂ የማንም አይደለም። «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» የሚለውን ተረት እያወቅሁ ደብቄአለሁና። እናቴ በራስጌዬ ተቀምጣ «ልጄ፣ ለእኔ እንኳ ብትነግረኝ ምን ነበረበት?» ያለችኝ ቃል እስከ ዛሬ አይረሳኝም።

ተኝቼ ሳለሁ አንድ ነገር አሰብሁ። አፌ ቢደብቅም ልቤ አልደበቀም ነበር፤ ትኵሳት የያዘው ሰው ልብ ከወትሮው ይልቅ ፈጥኖ ይመታልና። በአሁኑ ዘመን ታላላቅ ሯጮች በእጃቸው የሚያስሩት ሰዓት የሚከታተለውም ይህንኑ ትርታ ነው።

ይህ መሣሪያ ያደገው በሩጫ ሜዳ ሳይሆን በበረዶ ላይ መሆኑን ስንቶቻችን እናውቃለን? በፊንላንድ አገር ሰዎች ረዣዥም ቀጫጭን ጣውላዎች የመሰሉ ነገሮች ከጫማቸው ሥር አስረው በበረዶ ላይ እየተንሸራተቱ ብዙ ኪሎ ሜትር ይወዳደራሉ፤ ይህም ስኪ ይባላል። ሴፖ ሳይናያካንጋስ የተባሉ የኦውሉ ዩኒቨርሲቲ መምህር የስኪ ስፖርተኞች ልብ በልምምድ ላይ እንዴት እንደሚመታ ለማወቅ ሲሉ እ.ኤ.አ. በ1977 ፖላር የተባለውን ኩባንያ አቋቋሙ፤ በ1982ም ሽቦ የሌለው የልብ ትርታ መቍጠሪያ ወጣ። አሠራሩም እንዲህ ነው። ልብ በመታ ቍጥር ትንሽ የኤሌክትሪክ ምልክት ይፈጠራል፤ በደረት ላይ የታሰረው መቀነት ምልክቱን ተቀብሎ በእጅ ላይ ወዳለው ሰዓት ይልካል። ዛሬ ደግሞ ብዙ ሰዓቶች በቆዳ ላይ አረንጓዴ ብርሃን አብርተው የደሙን እንቅስቃሴ በመከታተል ይቈጥራሉ፤ ከሳተላይት በሚመጣ ምልክትም ርቀትንና ፍጥነትን ይለካሉ። ስኪ ለእኛ ባዕድ ነው እንዳይባልም፣ የአዲስ አበባው ተወላጅ ሮቤል ተክለማርያም እ.ኤ.አ. በ2006 በቶሪኖ፣ በ2010 በቫንኩቨር በተደረጉት የክረምት ኦሎምፒኮች ስለ ኢትዮጵያ በዚሁ ስፖርት ተወዳድሯል።

አንዳንዶች ግን «አበበ ቢቂላ ጫማ እንኳ ሳያደርግ በሮም ድል ነሥቶ የለምን? ሰዓት ምን ያደርግልናል?» ይላሉ። ይህ አነጋገር ልብን ደስ ያሰኛል፤ ነገር ግን ግማሹን ታሪክ ይተዋል። አበበ እ.ኤ.አ. በ1960 ማራቶንን በባዶ እግሩ በ2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ16 ሰከንድ ሮጦ ጨረሰ። በ1964 በቶኪዮ ግን ጫማ አድርጎ በ2 ሰዓት ከ12 ደቂቃ ከ11 ሰከንድ ገባ። ከቶኪዮ ውድድር ጥቂት ሳምንታት አስቀድሞ የትርፍ አንጀት ሕመም ይዞት በቀዶ ሕክምና ታክሞ ነበር። እንግዲህ ያ ጀግና ጫማ ሲጠቅመው ጫማን አልናቀም፤ ሲታመምም ታከመ። እኔ ግን በእርሱ ስም እየፎከርሁ ሕመሜን ደበቅሁ።

ሆኖም መሣሪያው ሁሉን ያውቃል ማለቴ አይደለም። ሰዓቱ ልብ ስንት ጊዜ እንደ መታ ይናገራል፤ ለምን እንደ መታ ግን አይናገርም። ከገጠር ቀበሌ ሁለት ሰዓት በእግሩ ተጉዞ ቁርስ ሳይቀምስ የመጣን ልጅ፣ ከተማ አድሮና በልቶ ከመጣው ልጅ ጋር በቍጥር ብቻ ማመዛዘን ፍርድን ማጓደል ነው። ከዚህም በላይ፣ ቍጥሩ ስም ለመፋቅ ብቻ የሚያገለግል ከሆነ፣ እኔ ትኵሳቴን እንደ ደበቅሁ ሌላው ሯጭ ደግሞ ቍጥሩን ይደብቃል። ስለዚህ ከሰዓቱ በፊት መተማመን ሊኖር ያስፈልጋል።

የእኔ አስተያየት ይህ ነው። ውድ ሰዓት እስኪገዛ ድረስ መጠበቅ አያሻንም። እያንዳንዱ ሯጭ ጧት ከመኝታው ሳይነሣ ሁለት ጣቶቹን በእጁ አንጓ ላይ አኑሮ ለ60 ሰከንድ ይቍጠር፤ አውራ ጣት የራሱ ትርታ ስላለው ያሳስታልና አይጠቀምበት። ቍጥሩንም በደብተሩ ይጻፍ። ከባልንጀራው ጋር ሳይሆን ከራሱ ከትናንቱ ጋር ያስተያይ፤ ከልማዱ እጅግ ከበለጠበትም ለመምህሩ ይንገር። መምህራንም «ታምሜአለሁ» ያለ ተማሪ ቦታውን እንደማያጣ በግልጥ ቃል ይግቡልን። ወደፊት ሰዓት ቢገዛ የትምህርት ቤቱ ንብረት ሆኖ ለወንዱም ለሴቷም፣ ለከተማውም ለገጠሩም ልጅ በተራ ይታሰር።

እኔ ከዳንሁ ጀምሮ እንዲሁ አደርጋለሁ። የጧት ትርታዬ ዘወትር ከ54 እስከ 57 ነው። በዚህ ዓመት አንድ ቀን 71 ሆኖ ባገኘው እጄ እየተንቀጠቀጠ ደብተሬን ለመምህሬ አሳየሁ። እርሳቸውም ሳይቈጡ ሦስት ቀን አሳረፉኝ፤ ጕንፋን ሆኖ አለፈ። ስሜም ከመዝገቡ አልተፋቀም።

ወንድሞቼና እኅቶቼ ሆይ! ድፍረት ማለት ሕመምን ሸሽጎ መውደቅ አይደለም። እውነቱን ቈጥሮ፣ ጽፎና ተናግሮ በጤና ወደ መጨረሻው መሥመር መድረስ ነው። ስለዚህ ነገ ጧት ጓደኛችሁ ልቡን ሲቈጥር ብታገኙት አትሳቁበት፤ ስንት እንደ ሆነለት ጠይቁት።