ብሮሸሯን አትጣሏት!

የሥዕል ኤግዚቢሽን አይታችሁ ስትወጡ እጃችሁ ላይ የምትቀረው እጥፍ ወረቀት መጨረሻዋ የት ነው? የብዙዎቻችን ቅርጫት ውስጥ ነው። እኔ ግን የሀገራችን የሥዕል ታሪክ ብዙው ያለው እዚያች ወረቀት ላይ ነው ባይ ነኝ።

ለምን? ስለ አብዛኞቹ ሠዓሊዎቻችን የተጻፈ መጽሐፍ የለም። ሥዕሉ ይሸጥና ሰው ሳሎን ይገባል፤ በቃ ሁለተኛ አናየውም። ማን፣ መቼ፣ የት፣ ምን እንዳሳየ የምትነግረን ብሮሸሯ ናት። እሷም በጥቂት ኮፒ ታትማ ታልቃለች፤ መጻሕፍት መደብር አትገባም።

በውጭ ያሉ የሥነ ጥበብ ቤተ መጻሕፍት ይሄ ቀድሞ ገብቷቸዋል። ከትልልቆቹ ባለቀለም መጻሕፍት ጎን በየሠዓሊው ስም ፋይል ይከፍታሉ። የመጥሪያ ካርድ፣ ብሮሸር፣ የጋዜጣ ቁራጭ ሁሉም እዚያ ይገባል። ዋሽንግተን ያለው የስሚዝሶኒያን የአፍሪካ ሥነ ጥበብ ሙዚየም ቤተ መጻሕፍት ለአፍሪካውያን ሠዓሊዎች እንዲህ ዓይነት ፋይል አለው።

ሌላው ብልሃታቸው መጋራት ነው። ኒውዮርክ ውስጥ ሞማ፣ ፍሪክ እና ብሩክሊን ሙዚየም በ2009 እ.ኤ.አ. የቤተ መጻሕፍቶቻቸውን ካታሎግ አንድ አደረጉት። አንባቢው አንድ ቦታ ፈልጎ የትኛው ቤት ምን እንዳለ ያውቃል።

«እነሱማ ሀብታም ናቸው» የሚለኝ አይጠፋም። ስካነር ገንዘብ ይፈልጋል፣ እውነት ነው። ዝርዝር ለመያዝ ግን ደብተርና እስክሪብቶ ይበቃል። ደግሞስ እነዚያ ሀብታሞች የተጋሩት ለየብቻ ስላልበቃቸው አይደል? እኛ ጋ ያለችው ጥቂት ነገር እንኳ ተቆልፎባት፣ ቁልፍ ያዡ «የለም» ይባላል።

ገብረ ክርስቶስ ደስታን እዩ። ጀርመን ተማረ፣ አዲስ አበባ አስተማረ፣ በ1981 እ.ኤ.አ. አሜሪካ አረፈ። እስክንድር ቦጎሲያንም ለንደንና ፓሪስ ኖሮ፣ አዲስ አበባ አስተምሮ፣ በኋላ ዋሽንግተን ሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ መምህር ሆነ። የአንድ ሰው ታሪክ እንዲህ በየሀገሩ ሲበተን፣ የት ምን እንዳለ የሚናገር ዝርዝር ከሌለ ነገ ስለነሱ ልጻፍ የሚል ልጅ ከየት ይጀምራል?

ስለዚህ የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤቶቻችንና ጋለሪዎቻችን ያላቸውን ይመዝግቡ፤ ዝርዝሩን ይለዋወጡ። ገንዘቡ ሲገኝ ስካን ይደረጋል፤ የተጣለ ወረቀት ግን አይመለስም።

እናንተ የድሮ ተማሪዎቼ፣ በተለይ አዲስ አበባ ያላችሁ፣ ኤግዚቢሽን ስትገቡ ሁለት ብሮሸር ውሰዱ። ጀርባዋ ላይ ቀኑንና ቦታውን ጻፉባት። አንዷን ለራሳችሁ፣ አንዷን በአቅራቢያችሁ ላለ ቤተ መጻሕፍት። አንቀበልም ካሏችሁ ለኔ ላኩልኝ፤ ፋይል እከፍትላታለሁ።