ወርቅ ሆኖ የመጣ እንግዳ

እንግዳ በመጀመሪያው ቀን ወርቅ፣ በሁለተኛው ብር፣ በሦስተኛው ብረት ነው ይባላል። ይህ ተረት ለሰው የተነገረ ቢሆንም፣ ከባሕር ማዶ መጥተው በሐይቆቻችን ለሚገቡ ፍጥረታትም የሚስማማ ስለሆነ፣ ዛሬ በኬንያ የሚገኘውን የናይቫሻን ሐይቅ ታሪክ ለአንባቢዎቻችን እናቀርባለን።

ክሬይፊሽ የሚባለው እንስሳ የሸርጣን ዘመድ ሲሆን የሚኖረው ጨው በሌለው ውሃ ነው። ሁለት ትላልቅ መቆንጠጫዎችና ረዘም ያለ ጅራት አለው፤ ሥጋውም ይበላል። የቀዩ ክሬይፊሽ የትውልድ አገር የሉዊዚያና ረግረግ፣ በዙሪያው ያለው የአሜሪካ ደቡብና የሜክሲኮ ሰሜናዊ ምሥራቅ ነው። ከማዳጋስካር ደሴት በቀር አፍሪካ የራሷ የሆነ ክሬይፊሽ ኖሯት አያውቅም።

ይሁን እንጂ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1970 ዓ.ም. የዓሣ አጥማጆች ገቢ ከፍ እንዲል፣ ቀድሞ ከአሜሪካ ለመጣው ባስ ለሚባለው ዓሣም ምግብ እንዲሆን ታስቦ ቀዩ ክሬይፊሽ በናይቫሻ ተለቀቀ። ብዙም ሳይቆይ ወደ አውሮፓ ይላክ ጀመር፤ ገንዘብም አስገኘ። እንግዳው ወርቅ የነበረበት ጊዜ ይህ ነው።

ነገር ግን እንስሳው ሆዳም ነው። ሣሩንም፣ ቀንድ አውጣውንም፣ የሞተውንም ይበላል። እናቲቱ በአንድ ጊዜ በመቶ የሚቆጠር ዕንቁላል ትጥላለች። ውሃው ሲደርቅ በጭቃ ጉድጓድ ቆፍሮ ይቆያል፤ እርጥበት ሲያገኝ በየብስ ተጉዞ ወደ ሌላ ውሃ ይሻገራል። በ1980ዎቹ መጀመሪያ ሰማያዊው የውሃ አበባና በሐይቁ ውስጥ ይበቅል የነበረው ሣር ከሞላ ጎደል ጠፋ፤ ሣሩን ይመገቡ የነበሩት ወፎችም አነሱ። ዓሣ አጥማጆችም በመረባቸው የተያዘውን ዓሣ በክሬይፊሽ ተበልቶ ያገኙት ጀመር። በኋላ የክሬይፊሹ ቁጥር ሲቀንስ ሣሩ ተመለሰ፤ ሲበዛ ደግሞ እንደገና ጠፋ።

እውነቱን ለመናገር፣ ቢልሃርዚያ የሚያስተላልፉትን ቀንድ አውጣዎች ስለሚበላ የሚያመሰግኑት አሉ። ሆኖም አንዱ ጥቅም የጠፋውን ሁሉ አይተካም።

ይህን የምንጽፈው ጎረቤትን ለመውቀስ አይደለም፤ በጣና ሐይቅ እምቦጭን በእጁ የሚነቅለው ገበሬም የዚሁ ዓይነት ችግር ተካፋይ ነው። ነገር ግን እንዲህ ያለ ፈቃድ የሚሰጥ ሹም ሁሉ አስቀድሞ ሦስት ነገር ሊጠይቅ ይገባዋል፤ ይህ ፍጥረት ምን ይበላል? እርሱንስ ማን ይበላዋል? ከተለቀቀ በኋላስ ሊሰበሰብ ይችላልን? ለሦስተኛው ጥያቄ መልስ ካልተገኘ ፊርማው ይቆይ።